የድሮውን የመኪና ሰዓት የሚያቃጥለው ረሃብ ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጠረጴዛዬ ላይ ጀርባው የተከፈተ የመኪና ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ 6 ቮልት። ጆሮ ከሰጣችሁት እንደ ማንኛውም የድሮ ሰዓት ቲክ ቲክ ይላል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሞላው ግን «ቋ!» ያደርጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ሰው የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስለዋል። አልተሰበረም፤ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እኔ የምፈራው ያ «ቋ» ሲቀር ነው።

ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ ስለዚህ ድምፅ አንድም ቃል አላነሳም። የ6 ቮልት መኪና ወደ 12 ቮልት ሲቀየር ሰዓቱን ምን እናድርገው የሚል ነው። ጸሐፊው ቅን ሰው ናቸው፤ ሰዓቱ ተነቅሎ እንዳይጣል መፈለጋቸው ያስመሰግናቸዋል። ምክራቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ሰዓቱ በ12 ቮልት በእጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ሽቦው ላይ ትንሽ የ10 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ፤ ኦም የመግታት አቅሙ መለኪያ ነው) አስገቡ። ካልሆነ ቮልቴጁን 6 ላይ የሚይዘውን ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ግጠሙ። ባትሪ እንዳይጨርስ በመኪናው ማስነሻ ቁልፍ በኩል ይብራ። የባትሪው ጫፍ ተገለበጠ አልተገለበጠ ግድ የለም። ሰዓቱ ከቆመ ዝገት የሚፈታውን ስፕሬይ ንፉበት። እሱም ካልሆነ ውስጡን አውጥታችሁ ኳርትዝ፣ ማለትም በክሪስታል የሚሠራ የዘመኑን የሰዓት ማሽን፣ ክተቱበት።

ከእነዚህ መሀል ግማሽ እውነት ያላቸው አሉ። ሁለቱ ግን ሰዓት ያቃጥላሉ፤ አንደኛው መኪናም ሊያቃጥል ይችላል። ሁሉም ስህተቶች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልናገር።

«የኤሌክትሪክ ሰዓት» ሲባል ብዙ ሰው ውስጡ ሞተር ያለ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የመኪና ሰዓቶች ሞተር የላቸውም። ተራ የሞላ ሰዓት ናቸው። ልዩነቱ፣ ሞላውን የሚጠመዝዘው ጣት ሳይሆን ኤሌክትሮማግኔት መሆኑ ነው። ሞላው እየላላ ሲሄድ አንድ ክንድ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ሁለት የመገናኛ ነጥቦች ይነካካሉ፤ የድሮ መካኒክ ፑንቲና የሚላቸው ዓይነት። በተነካኩበት ቅጽበት ኮይሉ፣ ማለትም የኤሌክትሮማግኔቱ የሽቦ ጥቅል፣ ከባትሪው ኃይል ያገኛል። ማግኔቱ ክንዱን ወርውሮ ይመልሰዋል። ሞላው ይጠመዘዛል፤ ነጥቦቹም በዚያው ይለያያሉ። ይሄ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። «ቋ» የሚለው እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጥቦቹን የሚከፍታቸው ራሱ ውርወራው ነው፤ ሌላ የሚከፍታቸው ነገር የለም። ማግኔቱ አቅም አንሶት ክንዱን መወርወር ካቃተው ነጥቦቹ እንደተነካኩ ይቀራሉ። ለቅጽበት ብቻ እንዲሠራ የተጠመጠመው ኮይል ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ሲጎርፍበት ያድራል። ጠዋት ስትመጡ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታችኋል። ስለዚህ እነዚህ ሰዓቶች በብዛት የሚሞቱት ቮልቴጅ በዝቶባቸው አይደለም፤ አንሷቸው ነው። የደከመ ባትሪ፣ የዛገ ግንኙነት፣ የማይሆን ሬዚስተር። ጸሐፊው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር የሚታገሉት ከብዛት ጋር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው ምክሮች እንሂድ።

ሰዓቱ በ12 ቮልት በእጥፍ ይፈጥናል የሚለው ልክ አይደለም። ፍጥነቱን የምትወስነው ባላንስ የምትባለው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ጎማና ከእሷ ጋር የታሰረችው ቀጭን ሞላ ናቸው። ቮልቴጁ ሥራው ሞላውን መጠምዘዝ ብቻ ነው። የእጅ ሰዓታችሁን በኃይል ብትጠመዝዙት ቀኑ አያጥርም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

ጸሐፊው የራሳቸው ሰዓት ሲቀድም አይቻለሁ ይላሉ። አልዋሹም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ የአሜሪካ መኪና ሰዓቶች ራሳቸውን የሚያርሙ ነበሩ። ወደ ኋላ ቀርቶ በሰዓቱ ማስተካከያ ቁልፍ ወደፊት ስታስተካክሉት፣ ውስጡ ያለው ማስተካከያ አብሮ ይዞርና ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ትንሽ ፈጠን ይላል። ወደ ኋላ ስትመልሱት ደግሞ ይዘገያል። ቆሞ የከረመን ሰዓት ደጋግሞ ወደፊት የገፋ ሰው ሳያውቀው «ፍጠን» እያለው ነው። መድኃኒቱ በቀደመ ቁጥር ወደ ኋላ እየመለሱ ጥቂት ቀን መታገሥ ነው። ከ12 ቮልቱ ጋር ምንም አያገናኘውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ 10 ኦሙ ሬዚስተር።

የሰዓቱን ኮይል በቴስተር ስትለኩት የምታገኙት ቁጥር ትንሽ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው 1.5 ኦም ነው። 6 ቮልት ሲያገኝ 4 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ለዚያች ቅጽበት 24 ዋት። አሁን የጸሐፊውን 10 ኦም ከፊቱ እናስገባና በ12 ቮልት እናስላ። ጠቅላላው 11.5 ኦም፣ ጅረቱ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ) ከ1 አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ። ኮይሉ ጋ የሚደርሰው 1.6 ቮልት አካባቢ ነው። የማግኔት ጉልበት በጅረቱ ካሬ ልክ ስለሚሄድ፣ አራት አምፔር የነበረው አንድ ሲሆን ጉልበቱ አሥራ አምስት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ክንዱ ንቅንቅ አይልም። ነጥቦቹ ተዘግተው ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው ያስደነገጠኝ። በዚህ ሁኔታ ሬዚስተሩ ላይ ያለማቋረጥ ወደ 11 ዋት ሙቀት ይወጣል። እሳቸው የመረጡት የግማሽ ዋት ሬዚስተር ነው። ሃያ እጥፍ! ኮይሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ቀድሞ የሚጨሰው ሬዚስተሩ ነው። የሚጨስበት ቦታ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የስንት ዓመት ሽቦዎች መሀል። ቀልድ አይደለም።

ሬዚስተር በራሱ መጥፎ ነው እያልኩ ግን አይደለም። እንዲያውም በልኩ ከተመረጠ ከሁሉም የምወደው መፍትሔ እሱ ነው። ልኩ ቀላል ነው፤ ከኮይሉ ጋር እኩል የሆነ ኦም። ኮይሉ 1.5 ከሆነ ሬዚስተሩም 1.5። ያኔ 12 ቮልቱን እኩል ይካፈሉታል፤ ኮይሉ የለመደውን 4 አምፔር ያገኛል። ኦልተርኔተሩ ሲሠራ መስመሩ 14.4 ቮልት ቢደርስ ግማሹ 7.2 ነው። የድሮው የ6 ቮልት ዲናሞ ቻርጅ ሲያደርግም መስመሩ እዚያው አካባቢ ነበር። ሰዓቱ ልዩነቱን አያውቅም።

ዋቱን ስትመርጡ ጥሩውን ቀን አታስቡ፤ መጥፎውን አስቡ። በጥሩ ቀን ሬዚስተሩ የሚሠራው በየሁለት ደቂቃው ለአንድ ቅጽበት ስለሆነ ሙቀት የሚባል ነገር የለም። ነጥቦቹ የተጣበቁ ዕለት ግን 24 ዋት ይሸከማል። ስለዚህ ነጩን የሴራሚክ፣ የ25 ዋቱን ግዙና ብረት ላይ እሰሩት፤ ከሽቦዎቹ ራቅ አድርጋችሁ። ከፊቱ ቀስ ብሎ የሚቀልጠውን ዓይነት የ2 አምፔር ፊውዝ ጨምሩ። ቅጽበቷን ያሳልፋታል፤ ጅረቱ አልቆም ካለ ይቀልጣል። ጽሑፉ ውስጥ ፊውዝ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለመኖሩን ሁለቴ አንብቤ ነው ያረጋገጥኩት።

ስትለኩ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ነጥቦቹ ተከፍተው ከሆነ ቴስተሩ ምንም አያነብም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኮይሉ ተበጥሷል ብሎ ጤነኛ ሰዓት ይጥላል። ክንዱን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀስ አድርጋችሁ እስኪነካኩ ግፉትና ለኩ። ሁለተኛ፣ የቴስተሩ ሽቦዎች ራሳቸው ትንሽ ኦም አላቸው። ጫፎቻቸውን አነካክታችሁ የምታዩትን ቁጥር ከውጤቱ ቀንሱ። 1.5 የሚለካ ነገር ላይ 0.3 ቀላል ስህተት አይደለም።

እንደው በቀጥታ 12 ቮልት ብንሰጠውስ? ጸሐፊው አይሆንም ይላሉ፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ምክንያታችን ቢለያይም። 8 አምፔር ይስባል፤ ክንዱ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ነጥቦቹ በእያንዳንዱ ብልጭታ ይበላሉ። ወራት ሊሠራ ይችላል። «የኔ ሁለት ዓመት ሠርቷል» የሚል ሰው አይጠፋም። የተጣበቀ ቀን ግን 96 ዋት ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል ኮይል ላይ።

ባለ ሦስት እግሩ ሬጉሌተር የኔም ቁስል ስለሆነ ከልቤ ነው የምመልሰው። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ ሰዓቴን ያገናኘሁት ልክ እሳቸው እንደሚሉት ነበር። ገብቶ አሥራ ሁለት፣ ወጥቶ ስድስት፤ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ሲያምር! በጥሩ ሁኔታ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ብረት ላይ በብሎን አሰርኩት። አንድ ወር ሠራ። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ያ ሽታ ተቀበለኝ። ቆጣሪዎቹ 4:20 ላይ ቆመዋል። የፊቱ ነጭ ቀለም ከታች በኩል ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። 7806 የሚባለው ያ ሬጉሌተር የተሠራው ለ1 ወይም 1.5 አምፔር ነው። ሰዓቱ የሚፈልገው 4። ሬጉሌተሩ ከልኩ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ለማዳን ጅረቱን ያንቃል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ቴስተር ይህን አያሳያችሁም፤ ከቅጽበቷ ውጪ ሁልጊዜ 6 ነው የሚያነበው። ነጥቦቹ ንጹሕ ሳሉ ክንዱ እንደምንም ይወረወራል። ትንሽ ሲቆሽሹ ያቅተዋል። ያቃተው ዕለት ደግሞ ሬጉሌተሩ ብረቱ ላይ እየቀዘቀዘ ኮይሉን ሌሊቱን ሙሉ ይቀቅላል። ጎበዝ ሆኜ በብሎን ባላሰርኩት ኖሮ ምናልባት ራሱ ግሎ ይዘጋ ነበር።

ሬጉሌተር የግድ ካላችሁ አምስት አምፔር የሚችለውን ፈልጉ፤ ኤልኤም338 የሚባለው አንዱ ነው። የቅጽበቷን ጥማት ለማርካት ከሬጉሌተሩ በኋላ ትልቅ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ማስገባትም ያግዛል። ለአንድ ሰዓት ይህን ሁሉ ግን እኔ አልደክምም።

ባትሪ ይጨርሳል፤ በቁልፍ በኩል ይብራ የሚለውስ? እናስላ። በየሁለት ደቂቃው 4 አምፔር፣ ለአንድ ሰከንድ ሃያኛ ያህል። በአማካይ 1.7 ሚሊአምፔር ገደማ ይወጣል። በወር 1.2 አምፔር ሰዓት መሆኑ ነው። 50 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ጉዳዬ አይለውም። የሚያስቀው፣ እሳቸው የመከሩት ሬጉሌተር ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ ብቻ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። ባትሪ ቆጣቢ ተብሎ የገባው ዕቃ ከሰዓቱ ሦስት እጥፍ ይበላል ማለት ነው።

በቁልፍ የሚበራ ሰዓት ደግሞ በቆማችሁ ቁጥር ይቆማል። ሰዓት ለምን ሆነ ታዲያ? ይህ ብቻ አይደለም። ሞላው ባዶ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ነጥቦቹ ተዘግተው ነው የሚጠብቋችሁ። አዙራችሁ በዚያው ሞተር ለማስነሳት ከቸኮላችሁ፣ ባትሪው በማስነሻው ጫና ዝቅ ባለበት ሰዓት ክንዱን ወርውር ትሉታላችሁ። በየቀኑ ይህን ከማድረግ ቀጥታ መስመር ሰጥታችሁ ብትተዉት ይሻላል። መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ደግሞ ባትሪው ደክሞ ሰዓቱን ይዞት ከመሄዱ በፊት የሰዓቱን ፊውዝ አውጡ።

የባትሪው አቅጣጫ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙ የድሮ መኪኖች ከቦዲው ጋር የሚያገናኙት ፖዘቲቩን ነበር። ፎርድ እስከ 1955 ሞዴል 6 ቮልት ሆኖ እንደዚያ ነበር፤ የእንግሊዙ የስፖርት መኪና ኤምጂቢም 12 ቮልት ሆኖ እስከ 1967 ድረስ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) 12 ቮልት የሚያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ወደ ኔጋቲቭ ይገለብጠዋል። እስካሁን ያወራንለት ዓይነት ሰዓት ይህን ከጉዳይ አይቆጥረውም፤ ማግኔት ብረትን በሁለቱም በኩል ይስባል።

ሁሉም ሰዓት ግን አንድ አይደለም። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ መኪኖች ላይ የገቡት የስሚዝስ ኩባንያ ሰዓቶች ውስጥ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ወይም ትራንዚስተር ያለባቸው አሉ። እነዚህን ገልብጦ ማገናኘት ማቃጠል ነው። ሁለቱን ሽቦ አቀያይሬ እገላገላለሁ ማለትም አይሠራም፤ የሰዓቱ ቆርቆሮ ራሱ አንዱ ሽቦ ነውና። ቆርቆሮውን ከቦዲው በፕላስቲክ ለይተው የሚያስሩ አሉ። ያኔ ቆርቆሮው በሙሉ ኃይል ተሸክሞ ይቀመጣል፤ ዳሽቦርዱን አንዴ ሲነካ ሾርት ነው። ጀርባውን ከፍታችሁ ዳዮድ ካያችሁ ለሚችል ሰው ስጡና ውስጡን ይገልብጥላችሁ። ጀርባው ላይ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ተብሎ ምልክት የተጻፈበትም ካለ፣ ለጌጥ አልተጻፈም።

ለመብራቱ አንድ መስመር ይበቃዋል። የሰዓቱ አምፖል የራሱ ሽቦ አለው፤ የ12 ቮልት አምፖል ቀይሩና ጨረሳችሁ። ከሰዓቱ ጋር በአንድ ሬዚስተር አታስሩት፤ የነዳጅ መጠቆሚያውንም እንደዚሁ።

ስፕሬዩ። እባካችሁ ተዉት። በመጀመሪያው ቀን ተአምር ይሠራል፤ ጸሐፊውን ያሳታቸውም ይኸው ነው። የደረቀውን ዘይት ያላላዋል፤ ሰዓቱ ይነሳል። ከዚያ ስፕሬዩ ራሱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ነጥቦቹ ላይ የቀረው ዘይት ደግሞ በእያንዳንዱ ብልጭታ እየተቃጠለ ጥቀርሻ ይሠራል። ጥቀርሻ ጅረት ይቀንሳል። ጅረት ሲቀንስ ምን እንደሚመጣ አሁን ታውቃላችሁ። ነጥቦቹን በጣም ልሙጥ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሹ፤ ከዚያ በአልኮል የራሰ ወረቀት በመሀላቸው ጎትቱ። ዘይት ለምሰሶዎቹ ነው፤ የሰዓት ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ።

ጸሐፊው ያልነኩትን አንድ ነገር ልጨምር። ቪዲኦና ኪንዝሌ ከሚሏቸው የጀርመን ሰዓቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ኮይሉ ሲግል እንዲላቀቅ ታስቦ በሊድ (በካውያ ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው ብረት) የተያዘ ግንኙነት አለ። ፊውዝ ነው፤ በራሱ መንገድ። ሰዓቱ ዝም ያለው እሱ ስለተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ካውያ አንስቶ በተራ ሊድ መበየድ ያጓጓል። ተራው ሊድ የሚቀልጠው 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ ኮይሉ አይጠብቅም። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠውን ዓይነት ሊድ ፈልጉለት። ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደተላቀቀ እወቁ።

ከጠገናችሁ በኋላ መኪናው ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። ጽሑፉ በ9 ቮልት የሬዲዮ ባትሪ ሞክሩ ይላል። ያቺ ባትሪ 4 አምፔር የመስጠት አቅም የላትም፤ ጤነኛውን ሰዓት ታማሚ ታስመስለዋለች። ትንሽ የ6 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ተጠቀሙ፤ ሙሉ ቻርጅ የሆነ። ሽቦውን ቆራጥ ሆናችሁ አንዴ አስነኩ። ወዲያው «ቋ» ካለ ልቀቁት፤ ይሂድ። ዝም ካለ በፍጥነት ንቀሉ። የመኪናውን ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥርም እንደዚሁ፤ ጆሯችሁን ወደ ዳሽቦርዱ።

የቀረው ኳርትዙ ነው። ኮይሉ ከነደደ ወይም ጥርሶቹ በዝገት ካለቁ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገበዋ ክሪስታል ከማንኛውም ባላንስ ትበልጣለች፤ የሚጣበቅ ነጥብም የላትም። የድሮው ፊትና ቆጣሪዎች እንዳሉ ይቆያሉ። ማንም አያውቅባችሁም። የወጣውን ግን አትጣሉት፤ በዕቃ አድርጋችሁ ከመኪናው ጋር አስቀምጡት። ለጤነኛ ሰዓት ግን ይህን አላደርግም። እ.ኤ.አ. በ1958 የማስታወቂያ ባለሙያው ዴቪድ ኦጊልቪ ለሮልስ ሮይስ በጻፈው ማስታወቂያ፣ በሰዓት 60 ማይል ሲነዳ መኪናው ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሰዓቱ ነው ብሎ ነበር። ኳርትዝ ከከተትን ያ ማስታወቂያ ውሸት ሆነ ማለት ነው።

የኔ ሰዓት በሳምንት አራት ደቂቃ ይቀራል፤ ተስማምተናል። ጸሐፊው ግን ይህን ካነበቡ ሌላውን እንደፈለጉ ያድርጉት፤ የ10 ኦም፣ የግማሽ ዋት የሚለውን መስመር ዛሬውኑ ያጥፉልን።